ማኒፎልዱ የሚያፈሰው ሲልከን አንሶት አይደለም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። በፈረንጆቹ 1979 የተሠራች ላንድክሩዘር ኤፍ ጄ 40 አለችህ፣ ሞተሯ ቱ ኤፍ ነው። የጭስ ማኒፎልዱ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ ቧንቧው የሚያስገባው ብረት) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም መጋጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቃጥሏል፣ ሜካኒኩም በየጊዜው ቀይ ሲልከን እየቀባ መልሶ ይገጥመዋል። አሁን የጠየቅኸው «ከሲልከን የተሻለ ማጣበቂያ የትኛው ነው?» ብለህ ነው። እኔም እዚሁ ጅማ ነኝ። አባቴ ቡና የጫነባትን፣ ያንኑ ሞተር ያላትን ላንድክሩዘር ከተረከብኩ 14 ዓመቴ ነው፣ አንተ ያለህበት ቦታም ቆሜ አውቃለሁ። ማጣበቂያ አትፈልግ። ሦስት ጓርኒሲዮን በስምንት ወር ከበላ ብረቱ ተጣሟል ማለት ነው፣ የተጣመመ ብረት ደግሞ በሲልከን አይቃናም።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። «ጭሱ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል፣ መስኮት ስከፍት ይጠፋል» ብለህ አለፍከው። አትለፈው። የሚሸትህ ነገር ያልተቃጠለ ቤንዚንና ዘይት ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ስለዚህ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። የእኛን ክረምት ታውቀዋለህ፣ ዝናቡ ሲወርድ መስኮት ዘግተህ ነው የምትነዳው። እነዚህ መኪኖች ደግሞ በዕድሜ ብዛት ወለላቸው የተበሳሳ ነው። አንድ ሐምሌ ከአጋሮ ስንመለስ ልጄ ኋላ ተቀምጣ «አባዬ ራሴን አመመኝ» አለችኝ። መንገዱ አድክሟት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጅማ ሳንደርስ እኔንም አቅለሸለሸኝ፣ ያኔ ገባኝና አቁሜ በሩን ሁሉ በረገድኩት። ደህና ሆነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እስክታስተካክለው ድረስ ልጅ አትጫንበት፣ ረጅም መንገድም አትውጣበት።

አሁን ብረቱ ለምን እንደሚጣመም ልንገርህ፣ ይህ ከገባህ የቀረው ሁሉ ይገባሃል። ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር ነው የተደረደረው፣ ስለዚህ ማኒፎልዱ ረጅም ነው። ካስት አይረን (ማኒፎልዱ የተሠራበት ቀልጦ የተቀዳ ብረት) በአንድ ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሜትር ላይ ወደ 0.01 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ብረት በ500 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ተለጠጠ ማለት ነው። ቴስታታው (ማኒፎልዱ የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ) ግን ውሃ ስለሚያቀዘቅዘው ያን ያህል አይሞቅም፣ አይረዝምምም። እንግዲህ አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይቆማል፣ መሃላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ይፈተጋል። በየቀኑ፣ መኪናው በተነሳ ቁጥር። ማኒፎልዱ የሚንሸራተትበት ቦታ ካጣ ጫፍና ጫፉ ከቴስታታው ይሸሻል፣ ወይ ስታድ (ቴስታታው ላይ የተተከለ፣ ማኒፎልዱን የሚይዝ ብሎን) ይቆርጣል፣ ወይ ራሱ ይሰነጠቃል። ቀይ ሲልከን የሚችለው 300 ዲግሪ ምናምን ነው። ዳገት ላይ ጭነት ይዘህ የጭስ መውጫው ስንት እንደሚደርስ አስበው። የግቤን ሸለቆ ወርደህ ስትወጣ ያ ሲልከን ዱቄት ሆኖ ነው የሚቀረው።

መጣመሙን ወይም መሰንጠቁን የሚያባብስ ሌላም ነገር አለ። እኔ ራሴ ከመንገድ ገብቼ ሞተሩ እንደጋለ አዌቱ ዳር መኪናዋን ሳሳጥብ ልጁ ከኮፈኑ ስር ውሃ ረጨበት። «ጭው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በማግስቱ ጠዋት ማኒፎልዱ ከመሃል ላይ ፀጉር በምታክል መስመር ተሰንጥቆ አገኘሁት። የጋለ ካስት አይረን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በጭራሽ! ሌላው የእሳቱ ታይሚንግ ነው፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ማለት ነው። ወደ ኋላ የዘገየ ከሆነ ቤንዚኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ነዶ ሳይጨርስ ወደ ጭስ መውጫው ይወጣና ማኒፎልዱን ያግለዋል። ማርሚታው የተንጠለጠለበት ጎማ ተበጥሶ ከሆነ ወይም የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ካለቀ ደግሞ ቧንቧው ሁሉ ክብደቱን ማኒፎልዱ ላይ ይጥላል። በእኛ የኮረኮንች መንገድ ይህ ብቻውን ይሰነጥቀዋል። አዲስ ጓርኒሲዮን ከመግዛትህ በፊት እነዚህን እይ።

ፍሳሹን ለማግኘት ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሳው። «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ትሰማለህ፣ ነዳጅ ስትሰጠው ይፈጥናል፣ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚለጠጥ ይቀንሳል ወይ ይጠፋል። ብዙ ሰው የቫልቭ ድምፅ ይመስለውና ቫልቭ ያስተካክላል። ሜትር የምትሆን የውሃ ጎማ ወስደህ አንዱን ጫፍ ጆሮህ ጋ፣ ሌላውን በየመጋጠሚያው አስጠጋ፣ ቦታውን በትክክል ይነግርሃል። ጥቁር ጥላሸት ያለበትንም በአይንህ ታየዋለህ። የአንተ ሞተር ላይ ደግሞ የአየር ማስገቢያውና የጭሱ ማኒፎልድ በአንድ ጓርኒሲዮን ነው የሚታሰሩት፣ ስለዚህ ሚኒሞው (ሞተሩ ነዳጅ ሳትሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት) አልረጋ ብሎ የሚዋዥቅ ከሆነ በአየር በኩልም ይስባል ማለት ነው። ካርቡራቶሩን አትወንጅል።

መፍታቱ ላይ አትቸኩል። ዳዶዎቹን ከሁለት ቀን በፊት ጀምረህ የዝገት ዘይት ጠዋትና ማታ አጠጣቸው። እንቢ ያለውን በኃይል አትጠምዝዝ፣ ትንሽ አጥብቀህ ትንሽ ፍታ፣ እንደገና ዘይት። ስታድ ከተቆረጠ መሰርሰር የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ በቀረው ጉቶ ላይ ዳዶ አስቀምጠህ በይድበት፣ ሙቀቱ ራሱ ዝገቱን ያላቅቀውና በቺያቤ ይወጣል። እኔ አራት ስታድ እንዲህ አውጥቻለሁ፣ አንዱ ብቻ ነው ያስሰረሰረኝ።

ከወጣ በኋላ ያ ሁሉ ሲልከን በደንብ ይፋቅ፣ የቴስታታውም ፊት። ቴስታታው ላይ መፍጫ ማሽን አታስነካው፣ በላሜራ ፍቀው። ከዚያ ቀጥ ያለ ብረት ማኒፎልዱ ፊት ላይ አስተኝተህ በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው የታወቀ ቀጫጭን የመለኪያ ቅጠሎች) ክፍተቱን ለካ። እኔ 0.2 ሚሊ ሜትር ካለፈ አልገጥመውም፣ ፊቱ በማሽን ተልጦ እንዲስተካከል ወደ ቶርኖ ቤት ነው የምወስደው። እዚህ ጋ ነው ብዙዎቹ የሚሳሳቱት፦ የጭሱን ማኒፎልድ ብቻውን ያስልጡታል። የአየሩና የጭሱ ማኒፎልድ መሃል ላይ እርስ በርስ ይታሰራሉ አይደል? አንዱ ብቻ ከተላጠ ፊታቸው እኩል መሆኑ ይቀራል። በሁለቱ ላይ ያረፈው ቆንጣጭ ሮንዴላ ወፍራሙን ይጫናል፣ ቀጭኑ ክፍት ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱን አስረህ አንድ ላይ ነው የሚላጡት። የመጀመሪያው ባለሙያ ለብቻ ላጠልኝና በሳምንቱ ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ፣ ገንዘቤም ጊዜዬም ባከነ። ሁለተኛ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ግን «የት ነው ጓደኛው?» ብለው ነው የተቀበሉኝ። እሳቸው የሠሩት እስካሁን አለ።

ስንጥቅ ካለ በተራ ኤሌክትሮድ አታስበይድ። ካስት አይረን ቀድሞ ተሞቆ፣ በኒኬል ኤሌክትሮድ ትንሽ ትንሽ እየተበየደ፣ ከዚያ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው። መሬት ላይ ጥለውት ከሄዱ ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰነጠቃል። ብየዳ ደግሞ ብረቱን ያጣምማል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ብየዳ፣ ቀጥሎ መላጥ።

ጓርኒሲዮኑን ጅማ ካጣኸው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስፈልግ፣ የሞተሩን ስም በግልፅ ንገራቸው፣ ከወረቀት የተቆረጠ እንዳትቀበል። ስትገጥመው ደረቁን ግጠመው፣ ምንም አትቀባበት። ስታዶቹ ጥርስ ላይ ግን የመዳብ ግሪስ ቀባ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ትመርቀኛለህ። ሁለቱን ማኒፎልዶች የሚያያይዙትን ብሎኖች በእጅህ ብቻ አስገባ፣ አታጥብቅ። ከቴስታታው ጋር ከመሃል ጀምረህ ወደ ጫፍና ጫፍ፣ በሁለት ሦስት ዙር አጥብቅ። ሁለቱን ማኒፎልዶች የሚያያይዙት ብሎኖች መጨረሻ ላይ ነው የሚጠብቁት። ልኩን ከሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ውሰድ፣ በቶርክ ቺያቤ (የምታጠብቅበትን ኃይል በሚለካው) አጥብቅ። ቧንቧ አስረዝሞ በሙሉ ጉልበት መጎተት የለም፣ ማኒፎልዱ በሙቀት ሲረዝም ትንሽ መንሸራተት አለበት። ጫፎቹ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ስታዱን አጥብቀው የያዙ ከሆነ በክብ ሞረድ በጥቂቱ አስፋቸው።

ከዚያ አስነስተህ በደንብ ይሙቅ፣ አጥፋው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይቀዝቅዝ፣ ጠዋት እንደገና ሁሉንም በልኩ አጥብቅ። ከሁለት ሳምንት በኋላም አንዴ ድገመው። አዲስ ጓርኒሲዮን ሲሞቅ ይተኛል፣ ዳዶውም ይላላል፤ የእኔ የመጀመሪያው የተቃጠለው ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ነው።

አሁን ስትፈታው አሮጌውን ጓርኒሲዮን አትጣለው። በብርሃን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፣ ጥቁሩ የት የት እንደሆነ ካየሁ የትኛው ጫፍ እንደሸሸ እነግርሃለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ነፃ ነኝ፣ ቀጥ ያለውን ብረትና ፊለር ጌጁን ይዤ መምጣት እችላለሁ።