ካርዱን ከመግዛትህ በፊት ጎንደር–ቦሌን አንዴ እንዲህ ብረር

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁት። በስልክ ተጣድፌ ከምመልስ ብዬ ዛሬ ተረጋግቼ ልጽፍልህ ቁጭ አልኩ።

ያልከው ይህ ነው። ኮምፒዩተርህ ኮር አይ5-10400 ፕሮሰሰር፣ አንድ ፍሬ ባለ 16 ጂቢ ራም እና ባለ 4 ጂቢ ጂቲኤክስ 1650 የግራፊክስ ካርድ አለው። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2020ን በ1080 ጥራት ትጫወታለህ። ከጎንደር ተነስተህ ጣናን እስክታልፍ ሰላም ነው፤ ቦሌ ስትቃረብ ግን ምስሉ ይቆራረጣል። ለካርድ የሚሆን ብር አጠራቅመሃል። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጂቢ ልግዛ ወይስ 4060 ባለ 8 ጂቢ? በዚያ ላይ በጨዋታው የምታበራት ትንሿ አውሮፕላን፣ ሴስናህ፣ ጎንደር ላይ ለመነሳት ትንቀራፈፋለች።

ለአንተ ማሽን እኔ 3060ን እመርጣለሁ። ግን ዛሬ ገዝተህ ብትሰካው የቦሌው መቆራረጥ አይለቅህም። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ከአንተ ጋር የሚመሳሰል ማሽን ነበረኝ። ወራት አጠራቅሜ፣ አዲስ አበባ ለጉዳይ የሄደ ዘመድ ልኬ 3060 አስመጣሁ። በዚያው ማታ ገጠምኩት። ስሜን ተራሮች ላይ ያለው ደመና እንዴት ያምር ነበር! ከዚያ ወደ ቦሌ ዞርኩ። እንጦጦን አልፌ ከተማዋ ስትመጣ ያው የድሮው መቆራረጥ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱ ሥዕሉን ይስላል። አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚበር፣ የትኛው ሕንፃ የት እንደሚቆም፣ ሌሎች አውሮፕላኖች የት እንዳሉ፣ የኮክፒቱ ስክሪኖች ምን እንደሚያሳዩ የሚያሰላው ግን ፕሮሰሰሩ ነው። ከዚህ ሥራ ብዙው ደግሞ አንድ መስመር ላይ ይከመራል፤ ሜይን ትሬድ የሚሉት እሱ ነው። ስድስት ኮር ቢኖርህም አንዱ ሲጨናነቅ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። ጣና ላይ ውሃ ብቻ ስለሆነ የሚሰላው ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ላይ በአንዴ ብዙ ሕንፃ፣ መኪና እና አውሮፕላን ይመጣል። ምጣዷ ግሎ፣ እንጨቱ እየነደደ፣ ሊጡ ያልደረሰላት እንጀራ ጋጋሪ አስብ። ምጣዱን በትልቅ ብትቀይርላት ምን ይጠቅማታል?

ስለዚህ መጀመሪያ ችግሩ የማን እንደሆነ እንለይ። በጨዋታው ሴቲንግ ውስጥ ዴቨሎፐር ሞድን ክፈትና የፍሬም ቆጣሪውን (በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚወጣ የሚያሳየውን) አብራ። ቆጣሪው ራሱ «ሊሚትድ ባይ ሜይን ትሬድ» (ፕሮሰሰሩ ነው የያዘህ) ወይም «ሊሚትድ ባይ ጂፒዩ» (ካርዱ ነው የያዘህ) ብሎ ይነግርሃል። ሦስት ቦታ ላይ አንብበው፤ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ቆመህ፣ ጣና ላይ ከፍታ ይዘህ፣ ቦሌ ለማረፍ ስትወርድ። ሌላም ቀላል መንገድ አለ። ሬንደር ስኬሊንጉን (ምስሉ የሚሳልበትን ጥራት) ከ100 ወደ 50 አውርደው። ፍሬሙ ብድግ ካለ ካርድህ ነው የደከመው። ምስሉ ደብዝዞ ፍሬሙ ካልተነቃነቀ ጥፋቱ የካርዱ አይደለም።

የአንተን ስገምት ሁለቱም አለብህ። ደመና ውስጥ 1650ው ይደክማል፤ ቦሌ ላይ ፕሮሰሰሩ። በዚያ ላይ 4 ጂቢ የካርድ ሜሞሪ ቶሎ ይሞላል። ሲሞላ የተረፈው ወደ ራም ይገፋል፤ ያ ጉዞ ሲበዛ ነው ምስሉ ድንገት ስታክ የሚያደርገው።

አሁን ከርካሹ ጀምር። ያለህ አንድ ፍሬ ራም ነው ብለሃል። ተመሳሳዩን ሌላ 16 ጂቢ ጨምርና ሁለት አድርገው። ጥቅሙ 32 ጂቢ መሙላቱ ብቻ አይደለም። ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ በሁለት በር ያነባል። ማዘርቦርድህ አራት ስሎት ካለው ከፕሮሰሰሩ በኩል ቆጥረህ ሁለተኛው እና አራተኛው ላይ ሰካ። ሻጩ «3600 ፍጥነት ያለው ውሰድ» ካለህ አትስማው። 10400 ኤች410 እና ቢ460 በሚባሉት ማዘርቦርዶች ላይ የራም ፍጥነቱ ከ2666 አያልፍም። የተረፈው ብርህ በከንቱ ነው የሚሄደው። እኔ ጋ የቦሌውን መቆራረጥ ከካርዱ ይልቅ ያረገበው ይህች ሁለተኛ ራም ናት።

ቀጥሎ ሴቲንግ። ፕሮሰሰሩን የሚበሉት ጥቂት ናቸው። የቴሬይን (የመሬቱ ገጽ) ዝርዝር ርቀት ከ100 ወደ 70 ወይም 80 አውርድ፣ የኦብጀክቱም (የሕንፃና የዛፉ) እንደዚያው። የአየር እና የመሬት ትራፊክን አጥፋ ወይም ዝቅ አድርግ፤ ቦሌ ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። የኮክፒት ስክሪኖችን ማደሻ ሚዲየም አድርገው። ደመና፣ ጥላ እና አንቲ አልያሲንግ (የምስሉን ጠርዝ ማለስለሻ) የካርድ ሥራ ናቸው፤ እነሱን ከ3060 በኋላ ከፍ ታደርጋለህ። ያኔም ደመናው ሃይ ይበቃሃል፤ አልትራ የሚጨምረው ውበት ከሚበላው ፍሬም ጋር አይመጣጠንም። ዲኤልኤስኤስ (ምስሉን በትንሽ ጥራት ስሎ የሚያሳድገው የኤንቪዲያ ዘዴ) ፍሬም ይሰጥሃል፣ ግን በ1080 የኮክፒቱን ቁጥሮች ያደበዝዛቸዋል። የከፍታ መለኪያውን አጥርቶ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ቲኤኤ የተባለው የጠርዝ ማለስለሻ ይሻላል።

ፍሬሙንም 30 ላይ እሰረው። ሞኒተርህ 60 ኸርትዝ ከሆነ እያንዳንዱ ፍሬም እኩል ጊዜ ይቆያል። ከ25 እስከ 50 የሚዘል ፍሬም ዓይን ያደክማል፤ የማይነቃነቅ 30 ግን ልስልስ ይላል። ይህ እንደ ኳስ ጨዋታ አይደለም።

ወደ ካርዱ ልመለስ። 4060ን የሚመክሩህ ሰዎች ምክንያት አላቸው። የኤንቪዲያ ፍሬም ጄኔሬሽን ከ40 ተከታታይ ጀምሮ ነው ያለው። ፕሮሰሰሩ ሲዘገይ ካርዱ በመሃል ፍሬም ፈጥሮ ይሞላል፤ ለፍላይት ሲሙሌተር ይህ ትልቅ ነገር ነው። መብራትም ይቆጥባል፤ 115 ዋት ነው፣ 3060 ደግሞ 170። ግን በአንተ ጨዋታ ፍሬም ጄኔሬሽን የሚሠራው በዳይሬክትኤክስ 12 (ጨዋታው ከካርዱ ጋር በሚነጋገርበት አዲሱ ሥርዓት) ነው። ያ ደግሞ የካርድ ሜሞሪ ይወዳል፤ ራሱ ፍሬም መፍጠሩም ሜሞሪ ይወስዳል። 8 ጂቢው ሲሞላ ምን እንደሚሆን ከላይ ነግሬሃለሁ። እዚህ ላይ ነው የአንተ ቦርድ ጉዳይ የሚመጣው። 10400 ከካርዱ ጋር የሚገናኘው በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3፣ ማለትም በአሮጌው መንገድ ነው። 4060 ከቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ8 መስመር፣ 3060 በ16 ነው። አሮጌ ቦርድ ላይ የ4060 መንገድ በግማሽ ይጠባል። ሜሞሪው ሳይሞላ ይህ እምብዛም አይታወቅም፤ ሲሞላ ግን ያስታውቃል። አዲስ ቦርድ ቢኖርህ ኖሮ ምናልባት ሌላ እልህ ነበር።

ስትገዛ ባለ 12 ጂቢ መሆኑን በዓይንህ አረጋግጥ። 3060 ተብሎ በ8 ጂቢ የሚሸጥ፣ የሜሞሪ መንገዱም ጠባብ የሆነ ሌላ ካርድ አለ። ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን፣ የካርዱን እውነተኛ ማንነት የምታሳይ ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድ። አንድ ጓደኛዬ 1050 ቲአይ ተብሎ የተሸጠለት ካርድ በዚህ ፕሮግራም ሲታይ ስሙ የተቀየረ አሮጌ ጂቲኤስ 450 ሆኖ ተገኘ። ያገለገለ ካርድ ከሆነ ብር ሳትከፍል ግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ አሠራው። ሻጩ «አያስፈልግም» ካለህ አመስግነህ ውጣ።

ፓወር ሰፕላይህን (ለኮምፒዩተሩ ኃይል የሚያድለውን ሳጥን) አልነገርከንም፤ ይህ ያሳስበኛል። ለ3060 ኤንቪዲያ የሚመክረው 550 ዋት ነው፤ ባለ 8 ፒን ገመድም ያስፈልጋል። ከኬዙ ጋር አብሮ የመጣ ስም የለሽ ከሆነ ቀይረው። የእኔ መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ። ካርዱ የተረፈው በፈጣሪ ቸርነት ነው። ዛሬ ስታብላይዘር እና ዩፒኤስ ሳላስቀድም ማሽኑን አላበራም። ዩፒኤሱ በረራህን አያስጨርስህም፤ በሰላም ለማጥፋት ግን ጊዜ ይሰጥሃል።

ከተማችን ጎንደር ከባህር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠረፍ 20 በመቶ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በበጋ አቧራው ይጨመርበታል። የእኔ ካርድ 80 ዲግሪ ያልፍ ነበር። አፍተርበርነር በተባለው የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም የኃይል ገደቡን ወደ 85 በመቶ አወረድኩት፤ የቀነሰው ፍሬም የሚሰማ አይደለም፣ ጩኸቱ ግን ጠፋ። በየሁለት ወሩ ደግሞ ኬዙን ከፍቼ እጠርጋለሁ።

ስለ ኢንተርኔት አጭር ልበል። ጨዋታው የመሬቱን ምስል ከኔት ነው የሚያመጣው። ኔቱ ሲደክም ተራራው ሰም የቀለጠ ይመስላል፤ ያ የካርድ ችግር አይደለም። ጎንደርን እና ቦሌን ኔት ጥሩ በሆነበት ሰዓት ማንዋል ካሽ ላይ (የመረጥከው አካባቢ ዲስክህ ላይ የሚቀመጥበት) አውርዳቸው። አዲሱ ፍላይት ሲሙሌተር 2024 ከኔት የሚጎትተው ከዚህም በላይ ነው፤ ለጊዜው 2020ው ላይ ቆይ። ዳታው ከከበደህ ኤክስ-ፕሌን 12 የሚባለው ሌላ የበረራ ጨዋታ ነጻ መሞከሪያ አለው። ሙሉውን ከገዛህ የምትበርበትን አካባቢ ብቻ አውርደህ ከዚያ ያለ ኔት ትበራለህ።

ሴስና 172ህ ጎንደር ላይ መንቀራፈፉ የኮምፒዩተር ጉዳይ አይደለም። የአዘዞ ማረፊያ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ማራገቢያውን ያደከመው ስስ አየር ሞተሩንም ክንፉንም ያደክማል። ቀዩን የሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ማመጣጠኛ) እጀታ እስከ መጨረሻው ገፍተህ አትነሳ፤ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛበታል። መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆመህ ሞተሩን ሙሉ ኃይል ስጠው፣ ዙሩ ከፍተኛው ላይ እስኪደርስ እጀታውን ቀስ እያልክ ሳበው፣ ከዚያ ፍሬኑን ልቀቅ። አፍንጫውን ለማንሳት አትቸኩል። የቆጣሪውን ፎቶ ከሦስቱም ቦታ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን፤ የፓወር ሰፕላይህንም።