ከግልበጣው በኋላም ከአሮጌው ዲስክ ለሚነሳው ኮምፒውተርዎ
ዊንዶውስን ወደ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ገልብጠው ሲጨርሱም ኮምፒውተሩ ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ የሚነሳብዎት፣ ሁለቱም ዲስኮች እንደተሰኩ ስለሆኑና ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም) የቀድሞውን የማስነሻ ቅደም ተከተል ስላልለቀቀ ነው።

ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው የአሮጌውን ዲስክ የሳታ ገመድ (ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን የዳታ ገመድ) ይንቀሉና በኤስኤስዲው ብቻ ያስነሱት። ግልባጩ የዋናውን ዲስክ መለያ ቁጥር ጭምር ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሁለቱ አብረው ሲገኙ ዊንዶውስ አንደኛውን ከአገልግሎት ውጭ የሚያደርግበት ጊዜ አለ፤ ገመዱን መንቀሉ ታዲያ ለይስሙላ አይደለም። በትክክል ከተነሳ፣ ባዮስ ውስጥ ገብተው ኤስኤስዲውን አንደኛ ያድርጉት።

አሮጌውን ዲስክ ግን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ፎርማት አያድርጉት። እኔ በዚያው ምሽት አጽድቼው፣ የቤተሰብ ፎቶግራፎች የነበሩበት «ዲ» የተባለው የዲስኩ ክፍል ጭራሽ እንዳልተገለበጠ ያወቅሁት በማግስቱ ነበር።