ባዮኬሚስትሪ ልትማሩ ነው? ከመጨረሻው ዓመት ተነሱ

ወሎ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ኮርስ ልምረጥ ብሎ አይጨነቅም። ዲፓርትመንቱ ሰሚስተሩን ደርድሮ ይሰጠዋል፤ ሴክሽኑ ተለጥፎ ያገኘዋል፤ ቀሪው ማጥናት ነው። አሜሪካ ሲመጣ ግን ረጅም የኮርስ ዝርዝር ይሰጡትና «ራስህ ተመዝገብ» ይሉታል። ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት በጉብዝናው ስሙ ይነሳ የነበረ ልጅ ሳይቀር እዚህ ላይ ይሰናከላል። ኬሚስትሪው ሳይከብደው ቅደም ተከተሉ ይጥለዋል።

እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፤ ባዮኬሚስትሪ የተማርኩት አሜሪካ ነው። አገር ቤት በገባሁ ቁጥር ወላጆች ፒያሳ ላይ ያስቆሙኛል። «ልጄ እዚያ የሚማረው ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?» ይሉኛል። መልሱ ልጁ በመጀመሪያው ሰሚስተር በያዘው ኮርስ ላይ ነው ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀነራል ኬሚስትሪ አንድና ሁለት፣ ከዚያ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አንድና ሁለት፣ ከዚያ ባዮኬሚስትሪ አንድና ሁለት። ይህ ስድስት ሰሚስተር ነው፤ ሦስት ዓመት ማለት ነው። ከጎኑ ሌላ መስመር አለ፦ ካልኩለስ፣ ከዚያ ፊዚክስ፣ ከዚያ ፊዚካል ኬሚስትሪ። ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ሳይወጣ ደሴ የገባ መኪና የለም፤ እዚህም አንዱን ሳያልፉ ወደ ቀጣዩ መዝለል አይቻልም። በዚህ ላይ ብዙ ኮሌጆች አንዳንዶቹን ኮርሶች በዓመት አንዴ ብቻ ይከፍቷቸዋል። ስለዚህ ጀነራል ኬሚስትሪን «በሚቀጥለው እይዘዋለሁ» ያለ ልጅ አንድ ሰሚስተር የዘገየ ይመስለዋል፤ ሲቆጠር ግን ዓመት ይሆናል።

መፍትሔው ከመጨረሻው መነሳት ነው። ወረቀት አውጡና አራተኛው ዓመት ላይ ፊዚካል ኬሚስትሪን ጻፉ። እሱ ቢያንስ ካልኩለስ ሁለትን ይፈልጋል፤ አንዳንድ ቦታ ሦስትንም። ፊዚክስም ሁለት ሰሚስተር። እነዚህን ወደ ኋላ ስትደረድሯቸው ካልኩለስ አንድ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ይወድቃል። ሰው ሁሉ ኦርጋኒክን ይፈራል፤ ዓመት የሚያስጨምረው ግን ብዙ ጊዜ ሒሳቡ ነው።

ለምን መሰላችሁ? የአገራችን ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ ካልኩለስን ነክቷል። ሊሚትም ዴሪቬቲቭም ያውቃል። ግን አሜሪካ መጥቶ ዓመት ሙሉ ፓርኪንግ ሲሠራ ይረሳዋል። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ መልስ፣ እንቅልፉን ሳይጠግብ፣ የምደባ ፈተና ይቀመጣል። አልጀብራ ላይ ይመድቡታል። ከአልጀብራ ወደ ፕሪካልኩለስ፣ ከዚያ ወደ ካልኩለስ። አስቡት፣ ሁለት ሰሚስተር ሄደ! ከፈተናው በፊት ደብተሩን አውጥቶ ጥቂት ሳምንታት ቢከልስ ይህ ሁሉ አይመጣም። ፈተናውን ድጋሚ መውሰድ የሚፈቅዱም ብዙ ናቸው፤ ጠይቁ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመቱ ኮሌጅ፣ መጀመር ጥሩ ነው፤ ርካሽ ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለው። አማካሪው ቀለል ያሉትን አጠቃላይ ኮርሶች አስቀድሞ ያስጨርሳል፦ ታሪክ፣ ንግግር፣ ሥነ ጥበብ። ልጁ 60 ክሬዲት ይዞ በደስታ ይዛወራል። ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ግን ያ የስድስት ሰሚስተር መስመር ሳይነካ ቁጭ ብሏል። ለዲግሪው በአብዛኛው 120 ክሬዲት ይበቃል፤ እሱ ግን ከዚያ በላይ ይከፍላል። ፔል ግራንት የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት እርዳታ የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ እርዳታው በዕድሜ ልክ ለ12 ሙሉ ሰሚስተር ብቻ መሆኑን አይርሳ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ጀነራል ኬሚስትሪን፣ ካልኩለስን፣ ከተቻለም ኦርጋኒክን ጨርሱ። ታሪክ የትም አይሄድም፤ በሰመር እረፍት ወይም ከከባድ ሰሚስተር ጎን ይያዛል። ኦርጋኒክን በሰመር መውሰድ ግን አልመክርም። የ15 ሳምንቱን ትምህርት በ8 ሳምንት መጋት ነው።

አሁን ስለ ሥራ። ብዙዎቻችሁ እየሠራችሁ ነው የምትማሩት፤ ደሴም የሚጠበቅ ብር አለ። ላብ (የላብራቶሪ) ኮርስ ወረቀት ላይ አንድ ክሬዲት ይላል። ክፍሉ ውስጥ ግን ሦስት አራት ሰዓት ያስቆማል፤ ሪፖርቱ ደግሞ ሌላ ማታ ይበላል። ሦስት ላብ በአንድ ሰሚስተር ይዞ የሌሊት ሽፍት የሚገባ ሰው ጀግና ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን ይጎዳል። ሁለት ላብ ይበቃል። የኦርጋኒክ ሁለት ሰሚስተር ላይ የሥራ ሰዓት ቀንሱ፤ ለቤተሰብም ቀድማችሁ ንገሩ። ወለዬ ሲነገረው ይገባዋል።

ላብ ሲባል የሚደነግጡ አሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ትምህርት ተቋርጧል፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፏል። ቲትሬሽንን (ፈሳሽን በጠብታ እየለኩ የሚሠሩትን ሙከራ) በሰሌዳ ላይ ብቻ አይቶ የመጣ ልጅ አለ። አብሽሩ። የመጀመሪያው ላብ ከዜሮ ነው የሚያስጀምረው፤ ረዳት መምህሩን ቀድማችሁ «ቢዩሬት (ጠብታ መለኪያውን ቱቦ) ይዤ አላውቅም» በሉት።

ሕክምና የምታስቡ፣ የሚፈለግባችሁ ኮርስ አብዛኛው እዚሁ መስመር ላይ ስለሚገኝ ብዙ አትጨምሩም። ኤምካት የሚባለው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂንም ይጠይቃል፤ አጠቃላይ ኮርስ ስትመርጡ እነዚህን ያዙ። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፦ ዓለም አቀፍ ተማሪ የሚቀበሉት የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው። ይህን አራተኛ ዓመት ላይ መስማት ያማል። እንግሊዝ ያላችሁ ግን ኮርሱን በአብዛኛው ዲፓርትመንቱ ስለሚደረድረው እንደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከላይ ያልኩት ብዙም አይመለከታችሁም።

ቶሎ ደሞዝ የሚፈልግ ሰው ባዮኬሚስትሪን ባይመርጥ ይሻለዋል፤ ይህን በግልጽ ልናገር። ነርሲንግ ወይም ሜዲካል ላብራቶሪ ሳይንስ በቀጥታ ለሙያ ፈቃድ ወይም ለሙያ ምስክር ወረቀት ፈተና ያበቃል። ባዮኬሚስትሪ የሚጠቅመው ወደ ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ምርምር ወይም ኢንዱስትሪ ለሚሄድ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ፕሮፌሰር ላብ ግቡ፤ ምርምሩ በክሬዲት ይታሰባል፣ የድጋፍ ደብዳቤም የሚገኘው ከዚያ ነው። ምርጫ ኮርስ ላይ እኔ ማይክሮባዮሎጂንና የኢንዛይም ኮርስን አስቀድማለሁ። ኮምቦልቻ ስትወርዱ ቢራ ፋብሪካውንም ጨርቃ ጨርቁንም አስቡ፦ የብቅል ስታርች ወደ ስኳር የሚለወጠው በአሚሌዝ ነው፤ ክር ላይ የተቀባ ስታርችም በዚሁ ኢንዛይም ይለቀቃል። አንድ ቀን አገር ቤት ልሥራ የሚል ልጅ የኮርሶቹን ጥቅም እዚህ ያገኘዋል።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዓመት ሁለት ዓመት ተምራችሁ የወጣችሁ ክሬዲታችሁን አትጣሉ። ትራንስክሪፕት ብቻውን አይበቃም፤ የእያንዳንዱ ኮርስ መግለጫና የላብ ሰዓቱ ያስፈልጋል። ከዲፓርትመንቱ ማህተም ያለበት አስወጡ። ክሊራንስና ወጪ መጋራት ካልተዘጋ ሬጅስትራሩ ኦፊሻሉን አይሰጥም። ራሳችሁ መምጣት ካልቻላችሁ ደሴ ላለ ዘመድ ውክልና በኤምባሲ አሠሩ፤ ዘመዱ ውክልናውን አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወስዶ ያስረጋግጠዋል። ትራንስክሪፕቱ የታሸገ ፖስታ ውስጥ ይሁን፣ ማሸጊያው ላይም ማህተም ይረፍበት። ዘመዳችሁ ተደስቶ ፎቶ ሊልክላችሁ ሲል እንዳይከፍተው አስጠንቅቁት።