የጭረት ማጥፊያ ማሽንና ፖሊሽ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ጥቁር ቶዮታ ያሪስ አለኝ። ፀሐይ ሲያርፍበት ኮፈኑና በሮቹ የሸረሪት ድር በመሰለ ጭረት ተሞልተው ይታያሉ። አንዱ ባለሙያ «በሮታሪ በግማሽ ቀን አጠፋዋለሁ» ይለኛል፤ ሌላው «ዲኤ ካልሆነ መኪናህን አታስነካ» ይላል። የማንን ልስማ? (ከሂርማታ፣ ጅማ)

መልስ፦ ሮታሪና ዲኤ ሁለት ዓይነት የፖሊሽ ማሽኖች ናቸው፤ ለእርስዎ መኪና ሁለተኛው ባለሙያ ትክክል ነው። ጭረት ማጥፋት ማለት ጭረቱን መሙላት አይደለም፤ በዙሪያው ያለውን ክሊር (ከቀለሙ በላይ ያለውን ግልጽ ሽፋን) እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ማሳሳት ነው። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ክሊር ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ይሆናል፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል። በእያንዳንዱ ፖሊሽ የተነሣው አይመለስም። ክሊሩ ሲሳሳ ፀሐይ ይጎዳውና መላጥ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ከቀለም ቤት በቀር መፍትሔ የለውም።

ሮታሪ ስፖንጁን በአንድ ቦታ ብቻ ያሽከረክራል። በፍጥነት ይቆርጣል፤ ሙቀቱን ግን አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስባል። ጠርዝ ላይ ትንሽ ከዘገየ ክሊሩን በልቶ ወደ ቀለሙ ይገባል። ጥቁር ቀለም ላይ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው እንደ ጥላ የሚንሸራተት ክብ አሻራ ይተዋል። ዲኤ ስፖንጁን እያሽከረከረ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል፤ ውዝዋዜው እንደ ማሽኑ ዓይነት 8፣ 15 ወይም 21 ሚሊ ሜትር ነው። አላግባብ ሲጫኑት መሽከርከሩን ስለሚያቆም ስህተትን ይታገሣል። ለያሪስ ጠባብ በሮች ባለ 15ቱ ይበቃል፤ ባለ 21ዱ ሰፊ ኮፈንና ጣሪያ ላላቸው መኪኖች ይመቻል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። መኪናውን በጥላ ሥር በደንብ ያጥቡት። ከታጠበ በኋላም እጅ ሲዳስሰው የሚሻክር ከሆነ፣ ክሌይ በሚባለው ሊጥ መሳይ ማጽጃ በሳሙና ውሃ እያራሱ ያንሸራቱበት። የበርና የመስታወት ዙሪያ ጎማዎችንና ሹል ጠርዞችን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። ከዚያ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር በሆነ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይሞክሩ፤ መጀመሪያ በለስላሳ ስፖንጅና በማጠናቀቂያ (በጣም ደቃቅ በሆነው) ፖሊሽ። አተር የሚያህል አራት ጠብታ ይበቃል። በዝቅተኛ ፍጥነት ቀብተው የማሽኑን የፍጥነት ቁጥር ወደ 4 ወይም 5 ያሳድጉት። እጅዎ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሂድ፤ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን በግማሽ ይደርብ፤ አግድምና ሽቅብ እያሉ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይመላለሱ። ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል አንድ እጅ ከአራት እጅ ውሃ ጋር ደባልቀው ይጥረጉና በጠንካራ መብራት ይዩ። ጭረቱ ከጠፋ ከዚያ የበለጠ የሚቆርጥ ነገር አያስፈልግዎትም። ካልጠፋ በቅድሚያ ፖሊሹን፣ ቀጥሎ ስፖንጁን ይቀይሩ እንጂ ጫናውን አያብዙ።

ብዙዎች «ዲኤ አይቆርጥም» የሚሉት ስፖንጁ መሽከርከር አቁሞ እየተንቀጠቀጠ ብቻ ስለሚሠሩበት ነው። በስፖንጁ መያዣ ጎን ላይ በማርከር አንድ መስመር ያስምሩ። መስመሩ የማይዞር ከሆነ ማሽኑ ዘንብሏል፣ ከልክ በላይ ተጭነዋል፣ ወይም ስፖንጁ በፖሊሽ ረጥቧል። ለአንድ መኪና ቢያንስ አራት ስፖንጅ ይያዙ። ጥፍር የሚይዘውን ጭረት ግን ይተዉት፤ እስከ ወለሉ እንድረስ ካሉ ክሊሩ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ግራይንደር ላይ ስፖንጅ አስረን ፖሊሽ እናደርጋለን፤ አንዳንዴ ፓራውልቱን ያቃጥለዋል። ምክንያቱ ምንድን ነው? (ከአጂፕ፣ ጅማ)

መልስ፦ ፍጥነቱ ነው። ባለ 115 ሚሊ ሜትር ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይዞራል። ሮታሪ ፖሊሸር ግን የሚሠራው ከ600 እስከ 2,000 ባለው ውስጥ ነው። 150 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ በ1,200 ዙር ሲሠራ ጫፉ በሰከንድ ከ10 ሜትር በታች ይጓዛል፤ በግራይንደር ግን ከ85 ሜትር በላይ። ሁለቱም ማሽኖች ብዙውን ጊዜ ኤም 14 (ባለ 14 ሚሊ ሜትር ብሎን) ጥርስ ስላላቸው ስፖንጁ በቀላሉ ይገጥማል፤ መግጠሙ ግን ይሠራል ማለት አይደለም። ፓራውልት ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀቱን እንደ ላሜራ አያሰራጭም፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። ፍጥነት መቀነሻ ያለው ግራይንደርም ዝቅተኛው ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 በላይ ስለሆነ አይረዳም። ይህን ልማድ ዛሬውኑ ይተዉት፤ ስፖንጁ ተገንጥሎ ፊትዎን ሊመታም ይችላል።

ጥያቄ፦ በቆርቆሮ የሚሸጠው ራቢንግ (ጭረት ማጥፊያ ቅባት) ርካሽ ነው። ሜጓየርስ፣ መንዘርናና ስሪኤም የሚባሉት የፖሊሽ ብራንዶች ያን ያህል ይበልጣሉ? (ከኪቶ ፉርዲሳ)

መልስ፦ የሚለያቸው በውስጣቸው ያለው ክሊሩን የሚቆርጠው ደቃቅ አሸዋ ጥራት ነው። የርካሹ ቅንጣቶች መጠናቸው ስለሚለያይ ትልልቆቹ አዲስ ጭረት ያሰምራሉ። አንዳንዱ ደግሞ ዘይትና ሰም ስላለው ጭረቱን ሸፍኖ ያበራዋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ጭረቱ ተመልሶ ይታያል። ከላይ ያልነው የአልኮል መጥረጊያ ይህንን ወዲያው ያጋልጣል፤ ሥራ ሲረከቡም በፊትዎ ያስጠርጉ።

የሜጓየርስ ኤም 105 ኃይለኛ ነው፤ ግን ቶሎ ይደርቃል፣ አቧራውም ብዙ ነው። ከዚያው ኩባንያ ማጠናቀቂያ ፖሊሽ ከኤም 205 ጋር ተከታትለው ሲሠሩ ውጤቱ ጥሩ ነው። መንዘርና 400 እየተሠራ ቅንጣቱ እየደቀቀ ስለሚሄድ እስኪደቅ ድረስ መሥራት ይጠይቃል፤ ቶሎ የጠረገው ሰው የደበዘዘ ቀለም ያገኛል። ስሪኤም ደረጃውን በክዳን ቀለም ለይቶታል፦ አረንጓዴው ይቆርጣል፣ ቢጫው ያለሰልሳል፣ ሰማያዊው ጥቁር ቀለም ላይ የሚቀረውን ጉም ያነሣል። አንድ ብቻ መግዛት ከቻሉ መካከለኛውን ይግዙ።

ጥያቄ፦ ማሽን ከአሜሪካ ተልኮልኛል፤ 120 ቮልት ይላል። (ከጅማ)

መልስ፦ በቀጥታ አይሰኩት፤ ወዲያው ይቃጠላል። ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይግዙ፤ ለ900 ዋት ማሽን አቅሙ ከ1,500 ቪኤ (ቮልት አምፔር) ያላነሰ።

ጥያቄ፦ ነጩን የድሮ ዲኤክስ (ቶዮታ ኮሮላ) ፖሊሽ ሳደርግ ስፖንጁ ነጭ ይሆናል። ቀለሙን እያጠፋሁት ነው? (ከአጋሮ)

መልስ፦ ክሊር የሌለው ቀለም ነው፤ በዚያ ዘመን ነጭ መኪኖች ላይ የተለመደ ነው። ጥቂት መውጣቱ ያረጀው ንብርብር መነሣቱ እንጂ ጉዳት አይደለም። ነገር ግን ስፖንጁ ቶሎ ስለሚዘጋ ከእያንዳንዱ በር በኋላ በብሩሽ ያጽዱት፤ በማጠናቀቂያ ፖሊሽ ብቻ ይሥሩና በዚያው ቀን ሰም ይቀቡት። ጠርዙ ላይ ግራጫ ወይም ቀይ አንቲሩጂኒ (ከቀለሙ ሥር ያለው የዝገት መከላከያ ቀለም) ብቅ ካለ ማሽኑን ያቁሙ። ከዚያ በኋላ ቀይ ጭቃ ሲደርቅበት በጨርቅ አይጥረጉት፤ መጀመሪያ በብዙ ውሃ ያርጥቡትና ጭቃው በራሱ እንዲወርድ ያድርጉ።