«አለኝ» በስፓኒሽ፦ የ«ቴኔር» ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ የስፓኒሽ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ግስ ላይ ነው፤ «ቴኔር»። «አለኝ፣ አለህ፣ አላት» የምንልበት ግስ ነው።

ጥያቄ፦ «እኔ» ሲሆን «ቴንጎ» ነው። ታዲያ «አንተ» ሲሆን ለምን «ትዬኔስ» ይሆናል?

መልስ፦ «ጎ» የምትመጣው «እኔ» ላይ ብቻ ነው። በሌሎቹ ላይ የመጀመሪያው ክፍለ ቃል በርትቶ ሲነገር «ቴ» ወደ «ትዬ» ይቀየራል፦ አንተም አንቺም ትዬኔስ፣ እሱም እሷም ትዬኔ፣ እነሱ ትዬኔን። «እርስዎ» ስትሉም ትዬኔ ነው። «እኛ» ጋ ስትደርሱ ግን ብርታቱ ወደ «ኔ» ይሄዳል፤ ስለዚህ «ቴ» አትነካም፦ ቴኔሞስ። «እናንተ» በስፔን ቴኔይስ ነው፤ ላቲን አሜሪካ ውስጥ ትዬኔን ይላሉ። ጮክ ብላችሁ ድገሟቸው፣ ልዩነቱን ጆሯችሁ ይይዘዋል። ይህን ከያዛችሁ «መምጣት»ም አይከብዳችሁም፦ ቤንጎ፣ ብዬኔስ፣ ብዬኔ።

ጥያቄ፦ «ሶይ ትሬይንታ» (ሠላሳ ነኝ) ብዬ ዕድሜዬን ብናገር አስተማሪዬ አረመችኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ «ቴንጎ ትሬይንታ አኞስ» (ሠላሳ ዓመት አለኝ) በል። ስፓኒሽ ዕድሜን የሚናገረው በ«አለኝ» ነው። «ኞ»ን አደራ! «ኖ» ካልካት ቃሉ የሚያሳፍር የሰውነት ክፍል ይሆናል። ደግነቱ እኛ «ኘ» አለችን። ረሃብና ብርድም እንደዚሁ ናቸው፦ ቴንጎ አምብሬ (ራበኝ)፣ ቴንጎ ፍሪዮ (በረደኝ)። በጣም ከራበህ «ሙቻ (ብዙ) አምብሬ» ነው፤ «ሙይ» (በጣም) እዚህ አትገባም።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ «ወተት አለ?» ለማለት «ትዬኔ ሌቼ?» ስል አብራኝ የምትኖረው ልጅ ግር ይላታል። ለምን?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ የብዙ አበሻ ችግር ነው። የኛ «አለ» ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መኖርንም፣ የራስ ማድረግንም። ስፓኒሽ ለይቶ ያስቀምጣቸዋል። ወተት መኖሩን ብቻ ስትጠይቂ «አይ ሌቼ?» በይ። መልሱም «ሲ፣ አይ» ሊሆን ይችላል፤ «አዎ፣ አለ» ማለት ነው። የኛን «አይ» እየሰማሽ የተከለከልሽ እንዳይመስልሽ። ባለሱቁን ግን «ትዬኔ ሌቼ?» ብትዪው ልክ ነሽ፤ «እርስዎ ጋ አለ?» ማለትሽ ነው።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ «ዮ» (እኔ) ማለት አለብኝ?

መልስ፦ የለብህም። «አለኝ» ካልክ «እኔ» እንደማያስፈልግህ ሁሉ «ቴንጎ» ብቻውን ይበቃል።

ጥያቄ፦ «መሄድ አለብኝ»ስ?

መልስ፦ «ቴንጎ ኬ ኢር»። «መሄድ አለብን» ሲሆን ቴኔሞስ ኬ ኢር። የሚቀያየረው ቴኔር ብቻ ነው፤ «ኢር» እንዳለች ትቆያለች። «ኬ»ን እንዳትዘሏት።