ሐረርና ሐረማያ በአንድ ቀን ይበቃል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ከካናዳ የሚመጡትን እናትሽን ይዘሽ ድሬዳዋ እንደምታርፉ፣ ጠዋት ጀጎልን (በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ሐረር) አይታችሁ ከሰዓት ሐረማያ ሐይቅ ጎራ ብላችሁ ማታ ድሬ ለመመለስ እንዳሰብሽ ጽፈሻል፤ ሐረማያስ መሄዱ ያዋጣል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። ሐረር ብዙ ዓመት ስለኖርሁ ልንገርሽ፦ አይበቃችሁም። ሐረር እደሩ፤ ከቻላችሁም ከግንቡ ውስጥ። አንዳንድ የጌ (የሐረሪ ባህላዊ) ቤቶች በእንግዳ ማረፊያነት ይሠራሉ።

ለውሎ የሚመጣ ሰው በሐረር በር ገብቶ ፈረስ መጋላ ይደርሳል፣ መድኃኔዓለምን ያያል፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ወርዶ ሲንጀር መኪኖቻቸውን ያያል፣ ፎቶ አንስቶ ይወጣል። እሱም ደስ ይላል፤ ከተማው ግን ያለው ከዋናው መንገድ ወዲያ፣ በቀጫጭኑ መተላለፊያዎች ውስጥ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ግንብ 82 መስጊድና 102 የአውልያ (የሙስሊም ቅዱሳን) መዘየሪያ ስፍራ አቅፏል። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበውም ይህንን ሁሉ ከነነዋሪው ነው። ግንቡን ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ከሥሩ ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጎርፍ የሚወጣባቸው፣ ማታ ደግሞ ጅብ የሚገባባቸው ናቸው። ሐረሪዎች ጅቡን አይከለክሉትም።

እናትሽ “ጌ ጋር” የሚባለውን የሐረሪ ባህላዊ ቤት ሳያዩ እንዳይመለሱ አደራ። ጫማ ይወለቃል፤ ክፍሉ ባለ አምስት መደብ ነው፣ የቤቱ አባወራ፣ ሽማግሌው፣ እንግዳው እያንዳንዱ መቀመጫው የታወቀ ነው። መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር የተቀባ ነው፤ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ ላለቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ የቤቱ ሰዎች። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሣር ስፌት የተሞላ ነው። እናትሽ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ የመተላለፊያዎቹን ቁልቁለት ጠዋት በቀዝቃዛው ይጨርሱት፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ጠፍጣፋ ጫማ ያድርጉ።

አስጎብኚ ያዙ፣ ፈቃድ ያለው። ሴቶቹን ሳትጠይቂ ፎቶ አታንሺ። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ብዙ ሱቅ ይዘጋል። ለሙዚየምም ጊዜ ስጡ፤ በራስ ተፈሪ ቤት ያለው የአብዱላሂ ሸሪፍ ስብስብ፣ በተለይ የእጅ ጽሑፎቹ፣ ረጋ ብሎ መታየት አለባቸው። የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት ግን ጊዜ ካጠረባችሁ ብትዘሉት አይቆጨኝም። ማታ 1 ሰዓት ገደማ ከግንቡ ውጭ ሰው ጅብ ሲያበላ ታያላችሁ። ቁርስ ፈጢራ በማር ብሉ።

ሐረማያ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወደ ድሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ በሁለተኛው ቀን ስትመለሱ ግቡበት። ከዚያ በፊት አወዳይ አለ፤ የጫት ገበያው ሲሞቅ መኪና አይንቀሳቀስም፣ ሰዓት አስቡለት። ሐይቁን የማየው በተለየ ዓይን ነው። ሐረር የቧንቧ ውሃዋን የምትስበው ከዚያ ነበር፤ ገበሬው ደግሞ ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር ይስባል፣ ከተራራው የሚወርደው ደለል ይሞላዋል፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጭራሽ ደርቆ የሐይቁ አልጋ ላይ ከብት ሲግጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ከጉድጓድ ማምጣት ግድ ሆነባት። አሁን ውሃው ተመልሷል፣ ወፍ መጥቷል፣ ጀልባም አለ። ባዶውን ሜዳ ላየ ሰው ይህን ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ ለዚህ ነው "ያዋጣል ወይ" ላልሽው አዎ የምልሽ። ግን የባሕር ዳርን ዓይነት ሰፊ ሐይቅና ሪዞርት አትጠብቂ። የጀልባውን ዋጋ ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት እንዳለም የጀልባውን ሰው ጠይቁ። እናትሽ መሳፈር ካልፈለጉ ዳር ሆነው ቡና መጠጣቱም ይበቃቸዋል።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ብትደርሱ ጥሩ ነው። ሐረማያ ከፍታው 2000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከ11 ሰዓት በኋላ ንፋሱ ይበርዳል፤ ለእናትሽ ጋቢ ያዢላቸው። ከዚያ ወደ ድሬ የሚወስደውን የደንገጎን ቁልቁለትም በብርሃን ብትወርዱ እመርጣለሁ፣ ጠመዝማዛ ነው፣ የጭነት መኪና ይበዛበታል።

ቀኑን አልጻፍሽም። ከሐረሪዎች በዓል ከሸዋል ዒድ ጋር ከገጠመ፣ ማለት ረመዳን ካለቀ ከሳምንት በኋላ፣ ከተማው በጣም ያምራል፤ አልጋ ግን ከወዲሁ ያዙ፣ በዚያ ሰሞን ከውጭ የሚገባው ሐረሪ ብዙ ነው።