ወንድሜም ተረት ይንገር

ጥያቄ፦ ሰላም ለአንቺ ይሁን። በአካባቢያችን ቤተ መጻሕፍት ከሕፃን እስከ አዛውንት የሚታደምበት የተረት ምሽት ጀምረን ነበር። ሁለት ጊዜ ተገናኘን። ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ የሚባል፣ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ስላለበት በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው፤ በአፉም አይናገርም። የሚባለውን ግን አንድ በአንድ ይረዳል። በሁለተኛው ምሽት ተረቱ ደስ ሲለው ጮክ ያለ ድምፅ አወጣ። ከፊት የተቀመጠ ሰው ዞር ብሎ «እባክሽ ወደ ውጭ አውጪው» አለኝ። አወጣሁት። ቤት ስንገባ ደግሞ አያቴ «እኔም እኮ አንድ ቃል አልሰማሁም» አለችኝ። ሦስተኛውን ልጥራ ወይስ ይቅርብኝ?
እህቱ ነኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሪው። ወንድምሽንም ከፊት አስቀምጪው።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ሆዴን ያባባው «አወጣሁት» የምትለዋ ቃል ናት። ወንድምሽ እኮ አልረበሸም፤ ሳቀ። ተረት ሰምቶ የሳቀን ሰው ማን ያስወጣል? ሰውዬውን ክፉ ነው አልልም። ማዳመጥ ማለት ጸጥ ብሎ መቀመጥ ይመስለዋል፤ ሌላ ነገር የነገረው የለም። እንግዲህ አንቺ ንገሪው። ገና ሲጀመር፣ ለሁሉም፣ ጮክ ብለሽ፦ «እዚህ ድምፅ ማውጣት ይቻላል። መነሳት፣ መወዛወዝ፣ ወጥቶ መመለስም ይቻላል።» በእንግሊዝ ብዙ ትያትር ቤቶች በዚህ ደንብ የሚታዩ ትርኢቶች አሏቸው። «ዘና ያለ ትርኢት» ይሏቸዋል። መብራቱ ጨርሶ አይጠፋም፤ ተመልካቹ እንደ ልቡ ይወጣል፣ ይገባል።

ይህ ግን ገና ጅምሩ ነው። ወንድምሽ እንዲቀመጥ መፍቀድ ብቻ አይበቃም። ተራኪ ይሁን።

እንዴት በይኝ። አንድ መልእክት የሚቀዳበት፣ ሲነኩት ደግሞ የተቀዳውን የሚናገር ትልቅ ቁልፍ አለ። ቢግማክ የሚባለው በሰፊው ይታወቃል። እሱን ካላገኘሽ ስልክ ላይ የተቀዳ ድምፅም ይሠራል። በእጁ ይንካው፣ በክርኑ፣ በጭንቅላቱ፣ ብቻ በሚቀለው። ድምፁን ግን አንቺ አትቅጂለት። የ19 ዓመት ጎረምሳ በእህቱ ድምፅ መናገር አይፈልግም። እኩያው የሆነ ወጣት ይቅዳለት፤ የማን ድምፅ እንደሚሆንም ራሱ ይምረጥ። የምሽቱ የመጀመሪያ ቃል የእሱ ይሁን፦ «ተረት ተረት!» አዳራሹ በአንድ አፍ «የላም በረት!» ይበል። እሱ ቁልፉን ሳይነካ ማንም አይጀምርም። በተረቱ መሀል እየተመላለሰ የሚመጣ መስመር ካለ እሱም የወንድምሽ ነው።

ከባዱ ነገር መጠበቁ ነው። ይህን ከራሴ ስህተት ልንገርሽ። አንድ ምሽት ቁልፍ በክርኗ የምትነካ ወጣት አብራን ነበረች። ተራዋ ደረሰ። ክርኗ ከወንበሩ መደገፊያ ተነሳ፤ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ቆመ። ዝምታው ጨነቀኝ። አራት ሰከንድ እንኳን አልሞላም፣ መስመሯን እኔ አልኩላት። ሰዉ ሁሉ ለእኔ መለሰ። ያኔ ቁልፉ ተናገረ። ክርኗ ለካ መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የመለሰላት ሰው የለም፤ እሷም ያን ምሽት ደግማ አልነካችውም። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ወዲህ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በጣቶቼ አሥር እቆጥራለሁ። አሥር ካልበቃ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። አንቺም እንዲህ አድርጊ። ታዳሚው መጠበቁን ካንቺ ፊት ነው የሚማረው።

ደግሞ ብቻሽን የጀመርሽው ነገር እንዳይመስልሽ። በእንግሊዝ ፍሩም ከተማ የተመሠረተ ኦፕን ስቶሪቴለርስ የሚባል ቡድን አለ፤ ተራኪዎቹ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ናቸው። በስኮትላንድ ዳንዲ ደግሞ ፓሚስ የሚባል ድርጅት ከባድና ተደራራቢ ጉዳት ላለባቸው ሰዎች በመዳሰስ፣ በማሽተትና በመስማት የሚነገሩ ታሪኮችን ያዘጋጃል። አሠራሩን መውሰድ ትችያለሽ። ለአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ዕቃ። «ዝናብ ጣለ» ስትዪ እርጥብ ፎጣ ከሰው ወደ ሰው ይሂድ። «ነፋስ መጣ» ስትዪ በካርቶን አራግቢ። አትቸኩዪ፤ ሁሉም ጋ ይድረስ። በሚቀጥለው ምሽትም ያንኑ ፎጣ፣ ያንኑ ካርቶን ይዘሽ ነይ፤ ሰው የሚጠብቀው ነገር ሲመጣለት ደስታው ሌላ ነው። ሕፃናቱም በዚህ ይያዙልሻል፤ እነሱን አሥር ደቂቃ ካስቀመጥሻቸው ትልቅ ነገር ነው።

አያትሽን በተመለከተ። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኖቹን ድምፆች ነው፤ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉትን። ስለዚህ መጮህ ብዙ አይረዳትም። ረጋ ብሎ፣ ቃሉን ለይቶ መናገር ይሻላል። ክፍሉ ትንሽ ቢሆንም ማይክሮፎን ይኑር፤ «የእኔ ድምፅ ይሰማል» የሚልሽን ተራኪ አትስሚው። ወንበሮቹን በክብ አድርጊ። ተራኪው ጀርባውን ለመስኮት ሰጥቶ አይቁም፤ ፊቱ ይጨልማል፤ አያትሽ ደግሞ ግማሹን የምትሰማው ከከንፈሩ ነው።

መብራት ላይ ክርክር ይነሳብሻል። ብዙ ሰው ተረት በድንግዝግዝ ሲሆን ይወዳል። ምክንያትም አለው። አንትሮፖሎጂስቷ ፖሊ ዊስነር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ በደቡባዊ አፍሪካ የሚኖሩት ጁሆአንሲ የሚባሉ ሕዝቦች ቀን ከሚያወሩት ውስጥ ታሪክ 6 በመቶ ብቻ ነው ትላለች። ማታ እሳት ዙሪያ ግን 81 በመቶ ይደርሳል። ጨለማው የሚሠራው ሥራ አለ፤ አልክድም። ግን እሳቱ ፊትን ያበራ ነበር። አንቺም የዙሪያውን መብራት ቀንሺ፤ በተራኪው ፊት ላይ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ካለም በእጆቹ ላይ መብራት ይኑር።

ጥያቄ፦ አባቴ 78 ዓመታቸው ነው። ድሮ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። አሁን የመርሳት ሕመም አለባቸው። ባለፈው አንድ ታሪክ ጀምረው መሀል ላይ ጠፋባቸው፤ አለቀሱ። ወደ ተረት ምሽት ልውሰዳቸው ወይስ ማዋረድ ይሆንብኛል?
ልጃቸው

መልስ፦ ይውሰዷቸው፤ «አባባ፣ ያንን ታሪክ ያስታውሳሉ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ቤት ጥለውት ይሂዱ። ያ ጥያቄ ለእሳቸው ፈተና ነው።

አን ባስቲንግ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1998 ታይምስሊፕስ የሚባል ዘዴ ጀመረች። ማስታወስን ትታ ምናብን ያዘች። አንድ ለየት ያለ ፎቶ ይቀርባል። «እዚህ ምን እየሆነ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። የተሳሳተ መልስ የለም። የተባለው ሁሉ እንደተባለ ይጻፋል፤ ከዚያ ጮክ ተብሎ ይነበባል። እኔ አንድ ጊዜ አሸዋ ላይ የተገለበጠ ጃንጥላ የሚያሳይ ፎቶ አቅርቤ ነበር። ሁላችንም ዝም ስንል፣ የልጃቸው ስም የጠፋባቸው አንድ አዛውንት «ዝናቡ ረስቶት ሄዷል» አሉ። የዚያ ምሽት ታሪክ በዚያች ዓረፍተ ነገር ጀመረ። ስናነብላቸው «ማነው ይህን ያለው?» ብለው ጠየቁ። «እርስዎ ነዎት» አልናቸው። ቀና አሉ።

የአባትዎንም ቃል ይጻፉ። አያርሙት።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው። እንተባተባለሁ። ሰው ፊት ተረት መናገር ግን በጣም እፈልጋለሁ። ይሳካልኛል?
ወጣቱ

መልስ፦ ይሳካልሃል። ቀድመህ ለአዘጋጁ ንገረው፤ ማንም ቃልህን እንዳይጨርስልህ ለታዳሚው ያሳስብ። የሚንተባተብ ሰው ከሌሎች ጋር በአንድነት ሲናገር ብዙ ጊዜ ምላሱ ይፈታል። ስለዚህ የመጀመሪያውን መስመር ታዳሚው አብሮህ እንዲለው አድርግ። ሁለተኛውን ለብቻህ፣ በራስህ ፍጥነት ቀጥል። ቃሉ ቢይዝህ ይያዝህ፤ እንጠብቅሃለን።